ያልተከፋፈለው ገቢ፦ የዱራንት ከተማና የቾክታው መንግሥት

በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት በምትገኘው የዱራንት ከተማ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ከድንጋይ የተጠረበ ትልቅ ኦቾሎኒ ይታያል። የብራያን ካውንቲ ኦቾሎኒ አምራች ገበሬዎች መታሰቢያ ነው። ካውንቲ ከእኛ ወረዳ ጋር የሚቀራረብ የአስተዳደር እርከን ሲሆን፣ ዱራንት የብራያን ካውንቲ መቀመጫ ናት። ከተማዋ ለረጅም ዘመን የኖረችው በዙሪያዋ ባለው ገበሬ ጥጥ፣ ኦቾሎኒና ከብት ነበር። የፌደራሉ መንግሥት ኦቾሎኒን በኮታ ይደግፍበት የነበረውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2002 ሲያስቀር ግን ብዙ የኦክላሆማ ገበሬዎች ምርቱን ተዉት።

ይሁን እንጂ ዱራንት አልከሰመችም። እ.ኤ.አ. በ2000 የሕዝብ ቆጠራ 13 ሺህ 549 የነበረው ነዋሪዋ በ2020 ወደ 18 ሺህ 589 አድጓል። በርካታ የገጠር ከተሞች ወጣቶቻቸውን በሚያጡበት አገር ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ለዕድገቱ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ዋና መቀመጫውን በከተማዋ ያደረገው የቾክታው ሕዝብ መንግሥት ነው።

የጎሳ መንግሥት ሲባል

ቾክታው ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ነው። የግዛቲቱ ስም «ኦክላሆማ» ራሱ ከቾክታው ቋንቋ የተገኘ ሲሆን «ቀይ ሕዝብ» ማለት ነው። የጎሳው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1983 የጸደቀ ሕገ መንግሥት፣ በሕዝብ የሚመረጥ ዋና አለቃ፣ 12 አባላት ያሉት ምክር ቤት፣ የራሱ ፍርድ ቤትና ፖሊስ አለው። ከ2014 ጀምሮ ዋና አለቃ ሆነው የሚመሩት ጋሪ ባተን ናቸው። የዱራንት ከንቲባና ምክር ቤት ደግሞ ለብቻቸው የሚሠሩ ናቸው። አንዱ ሌላውን አያዝም፤ በአንድ ከተማ ላይ ግን ሁለቱም ያርፋሉ።

መሬቱ እንዴት ጠፋ?

ቾክታዎች እ.ኤ.አ. በ1830 በተፈረመ ውል የሚሲሲፒ ርስታቸውን ለቀው ወደ ዛሬው ኦክላሆማ እንዲሄዱ ተገደዱ። በሺዎች የሚቆጠሩት በብርድ፣ በረሃብና በበሽታ መንገድ ላይ ቀሩ። የደረሱት አዲሱን መሬት በወል ያዙት። ማንኛውም የጎሳው አባል አቅሙ የፈቀደውን ያህል ማረስ ይችል ነበር፤ መሬቱን መሸጥ ግን አይችልም።

ይህ ሥርዓት የፈረሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። የፌደራሉ መንግሥት የወል መሬቱ ለየግለሰቡ እንዲከፋፈል አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1908 በወጣ ሕግ ደግሞ በአብዛኛው ድርሻ ላይ የነበረው የመሸጥ ክልከላ ተነሣ። በዕዳ፣ በግብርና በማጭበርበር መሬቱ እጅ በእጅ ወጣ። ዋና አለቃውንም ለብዙ ዓመታት የሚሾመው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር። ሕዝቡ መሪውን እንደገና የመምረጥ መብት ያገኘው በ1970 በወጣ ሕግ ነው።

ከቢንጎ አዳራሽ እስከ ሰማይ ጠቀስ ሆቴል

የጎሳው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1987 ዱራንት ላይ የቢንጎ አዳራሽ ከፈተ። ቦታው የተመረጠ ነበር። ትልቋ የዳላስ ከተማ ከ150 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ርቀት ላይ ትገኛለች፤ ዳላስ ያለችበት ቴክሳስ ደግሞ የንግድ ካዚኖ አይፈቅድም። ስለዚህ ቁማርተኛው ወንዝ ተሻግሮ ይመጣል። አዳራሹ አድጎ ካዚኖና መዝናኛ ሆነ፤ በ2021 ደግሞ 1 ሺህ ክፍሎች ያሉት ሕንፃ ተጨመረበት። ዛሬ የቾክታው መንግሥትና ድርጅቶቹ በአጠቃላይ ከ10 ሺህ በላይ ሠራተኞች አሏቸው።

ዋናው ጥያቄ ገንዘቡ የት ይሄዳል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የፌደራል ሕግ የጎሳ ካዚኖ ገቢ ለጎሳው መንግሥት ሥራ፣ ለአባላቱ ደኅንነት፣ ለኢኮኖሚ ልማት፣ ለበጎ አድራጎትና ለአካባቢ አስተዳደሮች ድጋፍ ብቻ እንዲውል ያዛል። አንዳንድ ጎሳዎች ከትርፉ ለእያንዳንዱ አባል ድርሻ ያድላሉ። ቾክታው ይህን መንገድ አልመረጠም። ገቢው በጋራ ቋት ውስጥ ሆኖ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለመኖሪያ ቤትና ለአዳዲስ ሥራዎች ይውላል። በታሊሂና ከተማ በራሱ ገንዘብ የገነባው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራ ጀምሯል።

ለግብርናውም ድርሻ አለው። መንግሥቱ መሬት እየገዛ ከብት ያረባል፤ ፔካን የተባለውን የለውዝ ዓይነት ዛፍም ያለማል። ከዱራንት ራቅ ብሎ የሚገኘው አንዱ የከብት እርባታው ከ17 ሺህ ሄክታር በላይ ስፋት አለው። በ2018 የፌደራሉ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ለሰው አልባ አውሮፕላን ሙከራ ከመረጣቸው መካከል ብቸኛው የጎሳ መንግሥት ቾክታው ሲሆን፣ ሙከራው የሚካሄደውም በዚሁ ግጦሽ ላይ ነው።

ከተማዋ ምን ታገኛለች? ምንስ ያሰጋታል?

የኦክላሆማ ከተሞች የዕለት ተዕለት ወጪያቸውን የሚሸፍኑት በዋናነት ከሽያጭ ታክስ ነው፤ የንብረት ግብርን ለዚህ ማዋል አይችሉም። በመሆኑም ደመወዝተኛው ከሱቅ ሲገዛ፣ እንግዳው ነዳጅ ሲቀዳ ማዘጋጃ ቤቱ ይጠቀማል። በሌላ በኩል በፌደራል አደራ የተያዘ የጎሳ መሬት የንብረት ግብር አይከፈልበትም። መንገዱን ማን ይጠግን፣ ውኃውን ማን ያስፋ የሚለው ጉዳይ ሁለቱ አስተዳደሮች እየተነጋገሩ የሚፈቱት ነው። ጎሳዎቹ ለግዛቲቱ ከካዚኖ ገቢያቸው በውል የተወሰነ ክፍያ ይፈጽማሉ፤ አብዛኛው ለትምህርት ይውላል።

ሥጋቱም ግልጽ ነው። በማርች 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ካዚኖዎቹ ለሳምንታት ሲዘጉ፣ በአንድ ምንጭ ላይ መደገፍ ምን ማለት እንደሆነ ታይቷል። ቴክሳስ አንድ ቀን ካዚኖ ብትፈቅድ ደግሞ ወንዝ ተሻግሮ የሚመጣው ደንበኛ እዚያው ሊቀር ይችላል። ቁማር ራሱም የቤተሰብን ገቢ የሚበላበት ጊዜ አለ። ከተማዋ ሌላ መተዳደሪያ ያስፈለጋትም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ማምረት የጀመረው ከቁርጥራጭ ብረት ፌሮ የሚሠራ ፋብሪካና ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ዩኒቨርሲቲዋ ከካዚኖው ውጭ የቆሙ ምሰሶዎች ናቸው።

ከመቶ ዓመት በፊት የወል መሬቱ ሲከፋፈል፣ የየግሉ ድርሻ አንድ በአንድ እየተሸጠ አልቋል። የቾክታው መንግሥት ዛሬ ገቢውን ሳያከፋፍል ይዞ፣ ከዚያው ገቢ መሬት መልሶ ይገዛል። ካዚኖው ነገ ቢቀዘቅዝ እንኳ ግጦሹ፣ ከብቱና የፔካኑ ዛፍ በቦታቸው ይቆያሉ።