የቁራጩ ብረት ባለቤት ማን ነበር?

ውድ አንባቢያን፣ በቤታችሁ የጦርነት ፊልም የሚወድ ሰው አለ? አብዛኛውን ጊዜ ባል ወይም ወንድ ልጅ ነው። እኛ ሴቶች ደግሞ «ኧረ ድምፁን ቀንሱልን!» ብለን ወደ ጓዳ እንገባለን። ዛሬ ግን እኅቶቼ፣ ተመልሳችሁ አጠገቡ እንድትቀመጡ ልጠይቃችሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 «ማስተርስ ኦፍ ዚ ኤር» የሚባል ዘጠኝ ክፍል ያለው ተከታታይ ፊልም ወጥቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ አገር እየተነሱ ጀርመንን ይደበድቡ ስለ ነበሩ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችና ሠራተኞቻቸው የሚተርክ ነው። በአንዱ አውሮፕላን ውስጥ ዐሥር ወጣቶች ይሳፈራሉ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 1943 ከዚሁ ክፍል 13 አውሮፕላኖች ወደ ሙንስተር ከተማ በረው የተመለሰው አንድ ብቻ ነው። ፊልሙ ጥሩ ፊልም ነው፤ ሞትንም አይደብቅም። ነገር ግን በእንዲህ ያሉ ፊልሞች ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አውሮፕላን ሲወድቅ ካሜራው በአየር ላይ ከቀረው ጋር ይቀጥላል። የወደቀው የት እንዳረፈ፣ እናቱ ወሬውን መቼ እንደ ሰማች ለማየት ጊዜ የለውም።

ፊልሙን ያየ ሰው ደግሞ የሚዳሰስ ነገር ያምረዋል። ከሐይቅ፣ ከእርሻ መሬት፣ ከበረሃ የወጣ የአውሮፕላን ስብርባሪ የሚሰበስቡ ብዙዎች ናቸው፤ በኢንተርኔትም ይሸጣል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ሕግ መሠረት የወደቀ የጦር አውሮፕላን ያለበትን ስፍራ ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። አስከሬን ይኖርበታል ተብሎ ከታሰበማ ፈቃዱም አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ስፍራው መቃብር ነዋ!

እስቲ የአንዷን አውሮፕላን ታሪክ ልንገራችሁ። ስሟ «ሌዲ ቢ ጉድ» ይባላል፤ ቢ-24 ቦምብ ጣይ ነበረች። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1943፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በሊቢያ ቤንጋዚ አጠገብ ከሚገኘው የሶሉክ ማረፊያ ተነሥታ የጣሊያንን የኔፕልስ ከተማ ለመደብደብ ሄደች። ለዘጠኙ ሠራተኞቿ የመጀመሪያ ግዳጃቸው ነበር። ሌሊት ሲመለሱ አብራሪው ዊልያም ሃተን በሬዲዮ አቅጣጫ ጠየቀ። የዚያን ጊዜው መሣሪያ ግን አውሮፕላን ከፊት ይምጣ ከኋላ ለይቶ አይናገርም። እነርሱም ሳያውቁ ማረፊያቸውን አልፈው ነበርና ባሕር ላይ ያሉ እየመሰላቸው ወደ ሰሃራ ውስጥ ዘለቁ። ነዳጅ ሊያልቅ ሲል በፓራሹት ዘለሉ። የአንዱ ፓራሹት በደንብ ሳይከፈትለት ቀርቶ ሞተ፤ ስምንቱ በጨለማ ተፈላልገው ተገናኙ።

በእጃቸው የነበረው ግማሽ ኮዳ ውኃ ነው። በቀን ለአንድ ሰው አንድ የኮዳ ክዳን እየተካፈሉ ወደ ሰሜን ተጓዙ። ሰው አልባዋ አውሮፕላን ደግሞ ወደ ደቡብ 26 ኪሎ ሜትር ያህል በርራ አሸዋው ላይ በሆዷ አርፋ ነበር። በውስጧም ጥቂት ውኃ፣ ምግብና ሬዲዮ ነበረ።

ይህን ሲሰሙ ለስብከት ምሳሌ ለማድረግ የሚቸኩሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። «ከእርዳታቸው ሸሽተው ሄዱ» ለማለት ይመቻል። እኔ ግን አልወደውም። እነዚያ ልጆች የሄዱበት አቅጣጫ ባወቁት ልክ ትክክለኛው ነበር።

ረዳት አብራሪው ሮበርት ቶነር በኪሱ በያዛት ትንሽ ማስታወሻ ላይ በየቀኑ ጥቂት ቃላት ይጽፍ ነበር። ዓይናቸው ታመመ። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ እንቅልፍ የለም። አምስቱ መራመድ አቃታቸው፤ ሦስቱ እርዳታ ፍለጋ ተለይተው ቀጠሉ። ቅዳሜ ኤፕሪል 10 ላይ እርዳታ እንዲመጣላቸው አሁንም የጸሎት ስብሰባ እያደረጉ እንደሆነ ጻፈ። በማግስቱ እሑድ አሁንም እየጠበቁ፣ አሁንም እየጸለዩ ነበር። ሰኞ እርዳታ እንዳልመጣና ሌሊቱ እንደ በረደ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ውድ አንባቢያን፣ የሊቢያ በረሃ ሲባል የብዙዎቻችን ሆድ ይላወሳል። የእኛም ልጆች በዚያው በረሃ በውኃ ጥም ቀርተዋል፤ መርዶም ሳይሰሙ የሚጠብቁ እናቶች በየአጥቢያው አሉ። ስለዚህ «ጸልየው ነበር፣ ታዲያ ለምን?» ለሚለው ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አልሰጣችሁም። ዕብራውያን 11ን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው በእምነት ከሰይፍ ስለ አመለጡት ብቻ ሳይሆን በእምነት ስለ ሞቱትም እንደሚናገር ያውቃል። ውኃቸው ምላስ ከማርጠብ በማያልፍበት ቀን አብረው የጸለዩ ሰዎች ነበሩ። እኔን የሚይዘኝ ይህ ነው።

አውሮፕላኗን ነዳጅ ፈላጊዎች እ.ኤ.አ. በ1958 ከአየር ላይ አዩአት። የአምስቱ አስከሬን የተገኘው በፌብሩዋሪ 1960 ነው፤ ማስታወሻውም ያን ጊዜ ተገኘ። ቀጥሎ ሌሎች ሦስት ተገኙ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል! ቤተሰቦቻቸው ይህን ለማወቅ 17 ዓመት ፈጀባቸው። የዘጠነኛው የቨርነን ሙር አስከሬን በይፋ አልተገኘም።

የቴሌቪዥን ሰዎች ግን አልዘገዩም። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር «ትዋይላይት ዞን» በተባለው ፕሮግራም በረሃ ላይ ስለ ወደቀ ቦምብ ጣይና ሕሊናው ስለሚወቅሰው አብራሪ አንድ ክፍል ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ «ሶል ሰርቫይቨር» የተባለው ፊልም ሟቾቹን አውሮፕላናቸው አጠገብ የሚጠብቁ መናፍስት አድርጎ ሠራቸው። መንፈስ ቶሎ ይሸጣል፤ የኮዳ ክዳን ውኃ አይሸጥም መሰለኝ።

ወደ ስፍራው የሄዱ ሰዎችም እየነቃቀሉ ወሰዱ። ከእርሷ ተነቅለው ሌላ አውሮፕላን ላይ የተገጠሙ ዕቃዎች አደጋ እንዳመጡ፣ የእጅ መደገፊያዋ የተገጠመበት አንድ ትንሽ አውሮፕላንም ባሕር ውስጥ እንደ ጠፋ ይወራል። «እርግማን አለባት» የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ አልቆመም። እናንተ ግን በእግዚአብሔር ቃል ያደጋችሁ ናችሁ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ሙሴ የሠራውን የናሱን እባብ ለምን ሰባበረው? ሕዝቡ በብረቱ ላይ ኃይል አለ ብሎ ያጥንለት ስለ ጀመረ አይደለምን (2ኛ ነገሥት 18)? አሉሚኒየም እርግማንም በረከትም አይሸከምም። ባልሽ መደርደሪያው ላይ ቁራጭ ቢያስቀምጥ መንፈስ ገባብን ብለሽ አትጨነቂ። ልትጠይቂው የሚገባሽ ሌላ ነው፦ ከየት መጣ? በፈቃድ ነው የወጣው? በዚያ አውሮፕላን የነበሩት ሰዎች ስማቸው ማን ነበር? መልሱን የማያውቅ ከሆነ አብራችሁ ፈልጉት። ለልጆቻችሁም ብረቱን ስታሳዩ ስሞቹን ንገሯቸው። ሻጩ ካልነገራችሁ ደግሞ፣ ለእኔ ቢሆን አልገዛውም።

የ«ሌዲ ቢ ጉድ» ቀሪ አካል እ.ኤ.አ. በ1994 ከበረሃ ተነሥቶ ወደ ጦብሩቅ ተወሰደ። ከዕቃዎቿ ጥቂቱ በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ዴይተን ከተማ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ይታያል። እዚያው ሙዚየም ውስጥ በባለቀለም መስታወት የተሠራ አንድ መስኮት አለ፤ በትሪፖሊ አጠገብ በነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር የጸሎት ቤት ለሠራተኞቿ መታሰቢያ ተደርጎ የነበረ ነው።