ሚሞሪው አልቀበል ሲል

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ጥር የሠርግ ወር ነው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ድግሱ ሁሉ መድረስ ስላለበት ቪዲዮ ቀራጩ ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው ሲሯሯጥ ይከርማል። ሙሽሮቹ ጉልበት ሲስሙ፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ ያነሣው ሁሉ የሚያድረው በአንዲት ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ወይም መርጡለ ማርያም ድረስ ሄዶ የብራና ገጾችን ያነሣ ተማሪም ድካሙን የሚያስቀምጠው እዚያው ላይ ነው። ሠርጉን እንደገና መደገስ አይቻልም፤ ስለዚህ ሚሞሪው ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ አልጽፍ ሲል ከሁሉ በፊት የምለው አንድ ነገር ነው፦ ፎርማት አታድርጉት።

መጻፍ እንቢ ያለ ሚሞሪ ብዙ ጊዜ መነበብን አይከለክልም። የሚነበበውን በሙሉ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጡ፤ ምርመራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ምርመራው ከቀላሉ ይጀምር። ከስልክ የወጣችውን ማይክሮ ኤስዲ የምንሰካባት አዳፕተር በግራ ጎኗ ትንሽ መቆለፊያ አላት። ብዙ ሰው መቆለፊያው ሚሞሪውን ራሱን የሚዘጋው ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ሚሞሪው ስለ መቆለፊያው የሚያውቀው ነገር የለም። ሪደሩ፣ ማለትም አዳፕተሯ የምትሰካበት ማንበቢያ፣ ጎኗን ዳስሶ ፕላስቲኩ ወደ ታች ወርዶ ክፍተቱ ከታየው «ተቆልፏል» ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ስለዚህ መቆለፊያው ላልቶ ስንሰካት የሚንሸራተት ወይም ተሰብሮ የወደቀ አዳፕተር ጤነኛውን ሚሞሪ ተቆልፏል ያሰኘዋል። በሌላ አዳፕተር ወይም በሌላ ሪደር ሞክሩት። ሌላ ከሌለ ክፍተቱን በቀጭን ፕላስተር መሸፈን ይበቃል።

ይህ ካልፈታው ሊኑክስን ራሱን ጠይቁት። ተርሚናል ከፍታችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ተብሎ የሚጻፈውን ትእዛዝ በአስተዳዳሪ ፈቃድ፣ ማለትም ሱዱ አስቀድማችሁ፣ ስጡት። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ የታዘበውን ሁሉ ይዘረዝርላችኋል፤ ሚሞሪውን እንደሰካችሁ የመጡትን የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቡ። «ራይት ፕሮቴክት ኢዝ ኦን» ካለ ሪደሩ ወይም ሚሞሪው መቆለፉን እየነገራችሁ ነው። «ፋይል ሲስተም ሃዝ ቢን ሴት ሪድ ኦንሊ» ካለ ግን ችግሩ ሌላ ነው፦ ሊኑክስ በፋይሎቹ መዝገብ ላይ መዛባት አይቶ ጉዳቱ እንዳይብስ መጻፉን ራሱ አቁሟል። «አይ ኦ ኤረር» ከተደጋገመ ሪደሩን ወይም የሚሞሪውን ዕድሜ ጠርጥሩ።

የመዝገቡ መዛባት መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ችኮላ ወይም የመብራት መጥፋት ነው። ሊኑክስ ስትገለብጡ መረጃውን መጀመሪያ በራም ይይዘውና ቀስ እያለ ወደ ሚሞሪው ያወርደዋል። የቅጂው መስመር ሞልቶ «አለቀ» ቢልም ሥራው ገና ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሚሞሪው ከተነቀለ ወይም መብራት ከሄደ መዝገቡ ግማሽ ላይ ይቀራል። ሁልጊዜ «ኢጀክት» ብላችሁ ፈቃዱን ጠብቁ። የተዛባውን መዝገብ ለመጠገን ሚሞሪውን ከሪደሩ አትንቀሉት፤ እንደተሰካ አንማውንት አድርጋችሁ፣ ማለትም ሊኑክስ እንዲለቀው አዝዛችሁ፣ እስከ 32 ጊጋባይት ላለው አብዛኛውን ጊዜ ፋት32 ለሚባለው፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ደግሞ ኤክስፋት ለሚባለው የመዝገብ ዓይነት የተሠራውን መጠገኛ ፕሮግራም አስኪዱበት። ኤክስፋትን በደንብ የሚያውቁት እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የወጡት ከርነሎች ናቸው፤ በአሮጌ ኡቡንቱ ላይ ተጨማሪ ፓኬጅ መጫን ያስፈልጋል። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል እንደማይቀበልም አስታውሱ። ረጅም የሠርግ ቪዲዮ አልገለበጥ ሲል ምክንያቱ ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በጣም የሚያሳዝነኝ የሐሰተኛ ሚሞሪ ጉዳይ ነው። ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት ተብሎ ይጻፍና ውስጡ 8 ብቻ ይሆናል። ኮምፒውተሩም በተነገረው ያምናል። ስምንቱ እስኪሞላ ሁሉም ደህና ነው፤ ከዚያ በኋላ የምትጽፉት ወይ ይጠፋል፣ ወይ የቀደመውን ይደመስሳል፤ ብዙ ጊዜም ስሕተት መኖሩ አይነገራችሁም። ለዚህ ሊኑክስ ኤፍ3 የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለው። ሚሞሪውን በሙከራ ፋይሎች ይሞላና መልሶ እያነበበ የጎደለውን ይነግራችኋል። ጊዜ ይወስዳል፤ የሚያስቆጭ ጊዜ ግን አይደለም።

የመጨረሻው ያረጀ ሚሞሪ ነው። እያንዳንዱ ክፍሉ የሚጻፍበት ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ ሲደክም አንዳንዱ ራሱን ለዘለቄታው ይዘጋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ፋይል ትሰርዛላችሁ፣ ነቅላችሁ ስትሰኩት ያው ፋይል ተመልሶ ይመጣል። ፎርማት እንኳ የተሳካ መስሎ ይታይና የነበረው እንደነበረ ይገኛል። ይህን የሚፈታ ፕሮግራም የለም፤ አስተካክላለሁ ለሚል ገንዘብ አትክፈሉ። ያለውን ገልብጡና ሚሞሪውን ጣሉት። ለሚቀጥለው ሠርግ አዲስ ግዙ፤ ካሜራ ውስጥ ከመግባቱ በፊትም በኤፍ3 ፈትኑት።