ከየካ አባዶ እስከ ጥቁር አንበሳ፤ መነሻው ተለይቶ የታወቀ የደም ነቀርሳ

ነቀርሳ፣ ዛሬ በብዙው ሰው አንደበት ካንሰር የሚባለው፣ አንድ በሽታ ብቻ አይደለም፤ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ መነሻውም ልዩ ልዩ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሐኪሞች ሲ ኤም ኤል የሚሉት፣ ቀስ እያለ የሚሄድ የደም ነቀርሳ ነው። በዓመት ከመቶ ሺህ ሰዎች አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ የሚይዝ ቢሆንም፣ መነሻው ተለይቶ ስለ ታወቀና ለዚያው መነሻ የተሠራ መድኃኒት ስለ ተገኘለት፣ ታሪኩ ለተማሪውም ለመንግሥት ሠራተኛውም ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የበሽታው ምልክት

በሽታው ሲጀምር ብዙ አይሰማም። ኋላ ግን ሰውየው ይደክመዋል፤ ይከሳል፤ ሌሊት ያልበዋል፤ በግራ ጎኑ ያለው ጣፊያው ስለሚያብጥ ጥቂት በልቶ ይጠግባል። በአገራችን ወባና በመተማና በሑመራ ቆላ የሚገኘው ካላዛር ጣፊያን ስለሚያሳብጡ፣ ሐሳብ አስቀድሞ ወደ እነርሱ ሊሄድ ይችላል። ተራ የደም ቆጠራ ግን ነጭ የደም ሕዋሳት ከልክ በላይ መብዛታቸውን ያሳያል።

መነሻው እንዴት ተገኘ?

በ1960 በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሐንገርፎርድ የእነዚህን ሕመምተኞች ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ከልኩ ያነሰ አንድ ክሮሞሶም አዩ። ክሮሞሶም ማለት የሕዋሱ የሥራ መመሪያ የሰፈረበት ክር ነው። በ1973 የቺካጎዋ ሐኪም ጃኔት ራውሊ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ መለዋወጣቸውን አስረዱ። ቁራጮቹ በተጋጠሙበት ስፍራ ቢ ሲ አር ኤ ቢ ኤል የተባለ ጂን ይፈጠራል፤ ከእርሱ የሚሠራው ፕሮቲንም ሕዋሱን ያለ ዕረፍት «ተባዛ» እያለ ያዘዋል። ይህ ብልሽት በሰውየው ደም ውስጥ የደረሰ እንጂ ከወላጅ የተወረሰ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ስለዚህ ጋብቻ የሚያስቀር ወይም ቤተሰብን የሚያሳፍር ምክንያት የለም።

የቀድሞዎቹ የነቀርሳ መድኃኒቶች ጤነኛውንም የታመመውንም ሕዋስ አብረው ይመቱ ነበር። ኢማቲኒብ፣ በንግድ ስሙ ግሊቬክ የተባለው ክኒን ግን፣ ያንን ጥፋተኛ ፕሮቲን ይዞ ሥራውን ያስቆማል። በ1998 በሰው ላይ ተሞክሮ በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደ። በትልቁ ሙከራ ክኒኑን ከጀመሩት ሕመምተኞች፣ ከ10 ዓመት በኋላ ከመቶ 83 ያህሉ በሕይወት ነበሩ።

በአገራችን

የመድኃኒቱ ዋጋ ለደኻ አገር ሰው የማይቀመስ ነበር። ሆኖም አምራቹ ኖቫርቲስ ከማክስ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ ባቋቋመው የዕርዳታ ፕሮግራም፣ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሚታከሙ ሕመምተኞች በነጻ ሲታደል ቆይቷል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

እዚህ ላይ የምርመራው ዋጋ ይታያል። ብልሽቱ በምርመራ ካልተረጋገጠ ክኒኑን መስጠት በጨለማ እንደ መተኮስ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በአገራችን የታወቀው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ፣ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ካርትሪጅ ሲገባበት፣ የዚያን ጂን መጠን ይለካል። በመድኃኒቱ መጠኑ በሦስት ወር ከመቶ 10፣ በአንድ ዓመት ከመቶ 0.1 ወይም ከዚያ በታች እንዲወርድ ይጠበቃል፤ ካልወረደ ሐኪሙ ምክንያቱን ይፈልጋል።

ትልቁ አደጋ

ክኒኑ በየቀኑ ለብዙ ዓመታት የሚዋጥ ነው። ሕመምተኛው ጤና ሲሰማው ግን «ድኛለሁ» ብሎ ይዘነጋል። በ2010 ከለንደን የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከታዘዘላቸው ክኒን ከመቶ 80 ወይም ያነሰውን ብቻ ከዋጡት መካከል የተፈለገው ውጤት ላይ የደረሰ አንድም አልነበረም። ይህም በወር 6 ቀን መዝለል ማለት ነው።

ክኒኑ ከምግብና ከብዙ ውሃ ጋር ስለሚወሰድ፣ የሚጾም ሰው ሐኪሙን አማክሮ ሰዓቱን ከማዕዱ ጋር ማስማማት ይችላል እንጂ ቀኑን መዝለል የለበትም። ወደ እንጦጦ ጠበል የሚወጣም መድኃኒቱን መተው አይገባውም። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲይዙ መክረው ነበር፤ ምክሩ ለዚህም በሽታ ይሠራል።

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሕመምተኛ በቀጠሮው ቀን ማልዶ ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛም ወደ ጥቁር አንበሳ መሳፈር፣ ወረፋም መጠበቅ አለበት፤ የሥራ ቀኑ በዚህ ያልቃል። ክኒኑ በነጻ ቢሰጥም የታክሲው ሒሳብና ከሥራ የሚቀርበት ቀን በነጻ አይደሉም። እንግዲህ በጽሕፈት ቤት ኃላፊነት የያዘ ወጣት፣ ጤነኛ መስሎ የሚታይ ባልደረባው በየጊዜው የሐኪም ቀጠሮ ወረቀት ይዞ ፈቃድ ሲጠይቀው፣ ያ ወረቀት የሰው ዕድሜ መሆኑን ማስታወስ ይገባዋል።