ያውቁ ኖሯል? ከጥብቅና እስከ ኮንግረስ፦ ባርባራ ጆርዳን

ጥቁር አሜሪካዊቷ ባርባራ ጆርዳን በ1959 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቀው ወደ ትውልድ ከተማቸው ሂዩስተን ሲመለሱ፣ ጥብቅና የጀመሩት በወላጆቻቸው ቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር። በ1962 እና በ1964 ለቴክሳስ የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድረው ሁለቴም ተሸነፉ። በ1966 ለግዛቲቱ ሴኔት ቀርበው አሸነፉ፤ ከ1883 ወዲህ እዚያ የተቀመጠ ጥቁር አልነበረም። በ1972 ለኮንግረስ ተመረጡ።

አገር ያወቃቸው ግን በጁላይ 25 ቀን 1974 ነው። ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን የማንሳት ጉዳይ በመረመረው የኮንግረሱ የተወካዮች ምክር ቤት የፍትሕ ኮሚቴ ውስጥ ሆነው፣ በቴሌቪዥን ፊት ለሩብ ሰዓት ያህል ተናገሩ። ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ እንደ እሳቸው ያሉትን እንዳገለለ ሳይሸሽጉ፣ በእሱ ላይ ያላቸው እምነት ግን ሙሉ መሆኑን አስረዱ። ንግግራቸው ጩኸትም ዘለፋም የለበትም፤ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ ከማስረጃው ጋር እያገናኘ ይሄዳል። የጠበቃ ሙያ በፖለቲካ ውስጥ እንዲህ ያማረበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በ1979 ኮንግረስን ለቀው በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ሆኑ። መቀመጫቸውን የተረከቡት ሚኪ ሌላንድ ናቸው፤ ለረሃብተኞች በመሟገት የታወቁት እኚህ ሰው በ1989 ወደ ፉኝዶ የስደተኞች መጠለያ ሲበሩ፣ አውሮፕላናቸው በምዕራብ ኢትዮጵያ ተከስክሶ ሕይወታቸው አልፏል።