ፕሮቲን በፕላስቲክ ቅንጣት ላይ፦ የፈጣን ምርመራ ታማኝነት ከየት ይመጣል?

ሪያድ፦ በጥንታዊው የዲራ ሰፈር፣ ከመስመክ ምሽግ ብዙም ሳይርቅ፣ በምንጣፍ ንግዱ የታወቀው የዘል ገበያ ይገኛል። እዚያ 28 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ምንጣፍ ብርቱ ተሸካሚ ይሻል። በቤተ ሙከራ ግን ይህን የሚያህል ስፋት በ1 ግራም የፕላስቲክ ዱቄት ላይ ይገኛል። ምክንያቱም የእያንዳንዷ ቅንጣት ውፍረት 200 ናኖ ሜትር ብቻ ነው፤ ከሰው ፀጉር በመቶዎች እጥፍ የቀጠነ ማለት ነው።

ይህ ሰፊ ገጽ የፕሮቲን መቀመጫ ነው። ፖሊስታይሪን ከተባለው ፖሊመር በተሠሩ ቅንጣቶች ላይ ፀረ እንግዳ አካል ሲለጠፍ፣ ቅንጣቶቹ በናሙናው ውስጥ የሚፈለገውን ነገር ለይተው ይይዛሉ። ቀለም ሲነከሩ ደግሞ በመመርመሪያው ወረቀት ላይ በዓይን የሚታይ መስመር ያሠምራሉ። አንዳንድ የእርግዝና መመርመሪያዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ዣክ ሲንገርና ቻርልስ ፕሎትዝ እ.ኤ.አ. በ1956 ፕሮቲን የለበሱ የፖሊስታይሪን ቅንጣቶችን ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት ምርመራ አውለዋቸዋል።

ፈተናው አለጣጠፉ ላይ ነው። ፕሮቲን በፕላስቲክ ገጽ ላይ በራሱ ይጣበቃል፤ ቀላሉ ዘዴም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ቅርጹ ሊፈርስ፣ የሚይዝበት ክንዱ ወደ ታች ተደፍቶ ሊቀር፣ ወይም ውሎ አድሮ ሊላቀቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ መሣሪያው ታማሚውን ጤነኛ ብሎ ሊያሰናብት ይችላል። ስለሆነም በሌላው ዘዴ በቅንጣቱ ገጽ ላይ ያለው ካርቦክሲል የተባለ ኬሚካላዊ ቡድን ከፕሮቲኑ አሚን ጋር በጽኑ ትስስር ይያያዛል። ባዶ የቀረው ቦታም እንደ አልቡሚን ባለ ሌላ ፕሮቲን ይሸፈናል፤ አለበለዚያ ያልተፈለገ ነገር ተጣብቆ ሐሰተኛ መስመር ሊያወጣ ይችላል።

በጥንቃቄ የተለጠፈውን ፕሮቲን ሙቀት ሊያበላሸው ይችላል። በሰኔና በሐምሌ የሪያድ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች ግን ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት እንዲቀመጡ ታስበው የተሠሩ ናቸው።

እንግዲህ ከመድኃኒት ቤት መመርመሪያ የገዛ ሰው በመኪና ውስጥ ትቶት አይሂድ። በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የሙቀት ልክና የአገልግሎት ጊዜ ይመልከት፤ የቁጥጥር መስመሩ ካልታየም ውጤቱን አይቀበል። ሕመሙ እያለ ውጤቱ "የለም" ካለ፣ የሚሻለው ወደ ሐኪም መሄድ ነው።