የሰርጉ ካሴት ኮምፒውተር ሲገባ

ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ የምትለዋን የሚኒ ዲቪ ካሴት ታስታውሷታላችሁ? ከቪኤችኤስ በኋላ፣ ሚሞሪ ካርድ ከመምጣቱ በፊት፣ ስንት ሰርግ፣ መልስ፣ ክርስትናና ምርቃት የተቀረጸው እሷ ላይ ነው። ካሴቶቹን አስገብቼ ኤዲት ላድርግ የምትሉ ካላችሁ አንድ የሚያስደስት ነገር ልንገራችሁ፤ ካሴቷ ላይ ያለው ምስል ከተቀረጸበት ሰዓት ጀምሮ ዲጂታል ነው!

ቪኤችኤስ አናሎግ ስለሆነ በተገለበጠ ቁጥር ይደበዝዛል። የግልባጭ ግልባጭ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የሙሽራዋ ፊት ከቬሎው ጋር አንድ ይሆናል። በ1995 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣው ዲቪ ግን ካሴቱ ላይ የሚጽፈው ዜሮና አንድ ነው። በትክክለኛው ገመድ ካወጣችሁትና ካሴቱ ጤነኛ ከሆነ፣ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ የሚገባው ያው ራሱ ነው፤ ቅንጣት አይቀነስበትም።

ገመዱ ፋየርዋየር ይባላል፤ ሶኒ ደግሞ አይሊንክ ይለዋል። ካሜራው ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ ቢኖርም አትመኑት፤ በብዙዎቹ የዲቪ ካሜራዎች ላይ በዚያ የሚወጣው ፎቶ ወይም ጥራቱ የወረደ ቪዲዮ ብቻ ነው። በቢጫ፣ በነጭና በቀዩ ገመድ ካወጣችሁት ደግሞ ዲጂታሉ ምስል ወደ አናሎግ ተመልሶ ነው የሚመጣው። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ዲቪ ከምስሉ ጋር የተቀረጸበትን ቀንና ሰዓት ደብቆ ይይዛል። በፋየርዋየር ሲመጣ አብሮ ይመጣል፤ በቢጫው ገመድ ግን እዚያው ይቀራል። የማስገቢያ ፕሮግራሞች ይህን እያነበቡ ቀረጻው በቆመበት ቦታ ሁሉ ራሳቸው ይቆርጡላችኋል። የእህትሽ ምርቃት ቀደመ ወይስ የእኔ ሰርግ የሚለውን የቤተሰብ ክርክርም ይፈታል፤ የካሜራውን ሰዓት ያስተካከለ ሰው ከነበረ ማለቴ ነው።

ችግሩ ፋየርዋየር ያለው ላፕቶፕ ማግኘቱ ነው። አፕልም በ2025 ያወጣው ማክ ኦኤስ 26 ፋየርዋየርን መደገፍ አቁሟል። ስለዚህ ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ አሮጌ ላፕቶፕ ካለ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ጎኑን እዩት።

ካሴት ሲገባ ማፋጠን የለም፤ የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ወደ 13 ጊጋባይትም ይይዛል። 20 ካሴት 260 ጊጋባይት ገደማ ሆነ ማለት ነው፤ ዛሬ ለሃርድ ዲስክ ይህ ምንም አይደለም። ታዲያ ቦታ ለመቆጠብ ብላችሁ ዋናውን ወደ ኤምፒ4 አታጭቁት። በቴሌግራም ለሚላከው ከግልባጩ ሌላ ፋይል ይሠራለታል። ካሴቱን ከማስገባታችሁ በፊት የመቆለፊያዋን መንሸራተቻ ዝጉ፤ አንዲት የሪኮርድ ቁልፍ በስህተት ተነክታ ስንቱ ድግስ ጠፍቷል። ምስሉ በአራት ማዕዘን ከተቆራረጠ የካሜራውን ሄድ አጽዱና ድገሙት። ረጅም እንዲሆን ኤልፒ በሚባለው ዘዴ የተቀረጸ ካሴት ደግሞ ከተቀረጸበት ካሜራ ውጭ ማስቸገር ይወዳል።

ከዋሽንግተን የመጣ አጎት በራሱ ካሜራ የቀረጸው ካለ ሌላ ጣጣ አለ። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ በሰከንድ 30 ገደማ ፍሬም ነው፤ የእኛው ፓል 25። በፓል ካሜራ የኤንቲኤስሲ ካሴት አብዛኛውን ጊዜ አይነበብም። ሁለቱንም በየራሳቸው አስገብታችሁ እንዳሉ አስቀምጧቸው፤ ማዋሃዱ ኤዲት ሲደረግ የሚታሰብ ነው።

በ2006 ሶኒና ፓናሶኒክ ኤቪሲኤችዲን ካመጡ በኋላ ቀረጻው ወደ ካርድና ወደ ዲስክ ገባ፤ ኮፒ ማድረግ ብቻ ሆነ። ሥራው ሲቀል ጥፋቱ በዛ እላለሁ። ሰው ፎልደሮቹን ከፋፍቶ ኤምቲኤስ የሚሉትን ፋይሎች ብቻ ይለቅምና ካርዱን ፎርማት ያደርገዋል። ካርዱ ፋት32 ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ሊያልፍ አይችልም፤ ስለዚህ ካሜራው ረጅሙን የቅዳሴ ቀረጻ ይቆራርጠዋል። የትኛው ከየትኛው እንደሚቀጥል የተጻፈው በሌሎቹ፣ ትርጉም የሌላቸው በሚመስሉት ትናንሽ ፋይሎች ውስጥ ነው። እነሱ ከጠፉ በየመጋጠሚያው ድምፁ ለቅጽበት ሊቋረጥ ይችላል። ፎልደሩን ከነሙሉ ግሳንግሱ ኮፒ አድርጉ፤ ለእያንዳንዱ ካርድ አንድ ፎልደር፣ ስሙም በዓመት፣ በወርና በቀን ተራ፦ 2009-01-19 ጥምቀት። እንዲህ ከሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል።

ካርዱን የምታጠፉት ኮፒውን ከፍታችሁ፣ መሐሉንና መጨረሻውን አይታችሁ፣ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ላይም ከደገማችሁት በኋላ ነው። ሦስተኛውን ግልባጭ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ስጡት፤ ሌባም ሆነ እሳት ሁለቱን ቤት በአንድ ቀን አይጎበኝም። ካሴቶቹንም አትጣሏቸው፤ ወደ መጀመሪያቸው አጠንጥናችሁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ሙቀትና እርጥበት በማያገኛቸው ቦታ አቁሟቸው።