ለድድ በሽታ አንቲባዮቲክ መቼ ነው የሚያስፈልገው?

«ዶክተር፣ ድዴ ያብጣል፣ ይደማል። አሞክሳሲሊንና ፍላጅል ስወስድ ይሻለኛል፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ይመለሳል። ሌላ ጠንከር ያለ መድኃኒት የለም?»

ጠንከር ያለ ኪኒን መፈለጉ ብዙም አይጠቅምም። ለምን መሰላችሁ? የድድ በሽታ ሲከፋ (ፔሪዮዶንታይተስ የምንለው) ድድ ከጥርሱ ይላቀቅና በመሃላቸው ኪስ ይፈጠራል። ጤናማ ድድ ላይ ክፍተቱ ከ3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በከባዱ ሕመም 6 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ባክቴሪያዎቹ እዚያ ውስጥ ተደራርበው፣ በሚያጣብቅ ሽፋን ተከልለው የጥርሱ ሥር ላይ ተለጥፈዋል። የዋጣችሁት መድኃኒት በደም ዞሮ ኪሱ ጋ ቢደርስም ሽፋኑን በደንብ አያልፍም። እንደ ድንጋይ የደረቀውን ቆሻሻማ የሚያሟሟ ኪኒን የለም! እብጠቱ ለጊዜው ይቀንሳል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንት ግን መሳሳቱን ይቀጥላል። ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው ሰው የሚነቃው ጥርሱ መነቃነቅ ሲጀምር ነው።

ዋናው ሕክምና ጽዳት ነው። ሐኪሙ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ቦታውን አደንዝዞ፣ ከድድ ሥር ያለውን ቆሻሻ ይጠርጋል። ላይ ላዩን ብቻ ከሚደረገው የጥርስ እጥበት ይለያል፤ ከአንድ በላይ ቀጠሮም ሊፈልግ ይችላል።

ታዲያ አንቲባዮቲክ ጭራሽ አይሰጥም? ይሰጣል፣ ለአንዳንዶች። በተለይ ገና በወጣትነታቸው ብዙ ጥርሶቻቸው ላይ አጥንቱ ለተጎዳባቸው፣ አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል (ፍላጅል) አብረው ከጽዳቱ ጋር ሲታዘዙ ኪሱን ተጨማሪ ያጠብባሉ። የአውሮፓ ፔሪዮዶንቶሎጂ ፌዴሬሽን በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ግን ለሁሉም ታካሚ በዘልማድ መስጠትን አይመክርም። ምክንያቱ የጎንዮሽ ጉዳቱና ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን መላመዳቸው ነው። ነገ ለሳንባ ምች ስትፈልጉት እምቢ ሊል ይችላል።

ደግሞ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አሞክሳሲሊን መውሰድ የለበትም። ፍላጅል እየወሰዱ ቢራም ሆነ ጠጅ ይቅር። ዋርፋሪን የምትወስዱ ደግሞ ፍላጅል የዋርፋሪኑን ኃይል ጨምሮ ደም መፍሰስ ሊያመጣ ስለሚችል ቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ስኳር ካለባችሁ ወይም ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ ድዱ ቶሎ አይድንም፤ ስኳራችሁን አብራችሁ ተቆጣጠሩ። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

ለሌሎቻችሁ፦ የጥርስ ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ኪሱ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ቁጥሩንም ጻፉት። ከጽዳቱ ሦስት ወር ገደማ በኋላ እንደገና ይለካል።